መሬት ያልነካ ጥንድ ኮኮናት

በመንደራችን በኮፕዮር እኔን ዳርሚንን የሚበልጥ የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ኩራቱ ምን እንዳስደረገኝ ልነግራችሁ ስለሆነ ከእሱው ልጀምር ብዬ ነው።

ኮፕዮር ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም ኮኮናት ነው። ጉዱ ያለው ውስጡ ነው። ሥጋው ከቅርፊቱ ጋር አይጣበቅም፤ ለስልሶና ተፈርፍሮ ከውሃው ጋር ተደባልቆ ይገኛል። የከተማ ሰው በበረዶና በስኳር አድርጎ ሲጎርሰው ዓይኑን ይጨፍናል። ዋጋው የተራው ኮኮናት አሥር እጥፍ ነው። እኔ ሳልከፍተው፣ ጆሮዬ አጠገብ ነቅነቅ አድርጌ፣ በድምፁ ብቻ አውቀዋለሁ። ታዲያ ይህ ሁሉ ክብር ያለው ፍሬ ራሱን መተካት አይችልም። ብትቀብረው ይበሰብሳል እንጂ አንዲት ቅጠል አያወጣም። ዘሩን የሚያስቀጥሉለት ከእሱ ጋር በአንድ ዘለላ የተንጠለጠሉት ተራ ወንድሞቹ ናቸው። ከአሥር ፍሬ ሁለቱ ኮፕዮር ከሆነልህ ተመስገን ብለህ ዝም ትላለህ። እኔ ግን አራት ፈለግሁ።

አራት እንዳይሆን የሚከለክለኝን ደግሞ አውቀው ነበር፤ የጎረቤት ዛፍ ነው። የሌላ ዘር አበባ ብናኝ በንብ ወይም በነፋስ መጥቶ የእኔ አበባ ላይ ካረፈ ፍሬው ተራ ሆኖ ይቀራል። በመንደራችን ደግሞ በየጓሮው ጋዲንግ ነበር። ጋዲንግ ፍሬው ትንሽ፣ ቀለሙ እንደ ዝሆን ጥርስ ወደ ቢጫ የሚያደላ ኮኮናት ነው። ገበያ ብታወጣው ማንም ዞር ብሎ አያይህም። ግን እኛ የጃቫ ሰዎች ያለ ጋዲንግ ልጅ አንቀበልም። ሴት አርግዛ ሰባት ወር ሲሞላት ሰባት በዕድሜ የገፉ ሴቶች በአበባ ውሃ ያጥቧታል። ከዚያ ከአንድ ዘለላ የተቆረጡ ሁለት ጋዲንጎች፣ አንዱ ላይ መልከ መልካም ወንድ፣ ሌላው ላይ ቆንጆ ሴት ተስሎባቸው፣ በሽርጧ ውስጥ ከደረቷ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። አያት ሊሆኑ ያሉት ሴቶች ከሥር ሆነው ይቀበሏቸዋል። ባልየው አንዱን በገጀራ፣ ባንድ ምት ይሰነጥቀዋል። ጥንዱ ከዛፍ ከወረዱ ጀምሮ መሬት ሊነኩ አይገባም። መሬት የነካ ኮኮናት የወጥ ቤት ኮኮናት ነው። ጋዲንግ ደግሞ አይሸጥም። ጠያቂ ይመጣል፣ ባለዛፉ ይሰጣል፣ በቃ።

እኔ ግን ቤት ለቤት ዞርኩ። "ጋዲንጋችሁን ቁረጡ፣ በአንዱ ፋንታ ሁለት የኮፕዮር ችግኝ በነፃ እሰጣለሁ" አልኩ። ሰው ጥቅሙን ይወዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ መንደሩ ጋዲንጉን ጨረሰ፤ ወሬው ተዛምቶ ጎረቤት ያሉት መንደሮችም እንዲሁ አደረጉ። አሻፈረኝ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ዩ ፓይነም። "ዩ" የምንለው ለታላቅ እህት ነው። ባሏ ሞቶባታል፤ ጓሮዋ ከእርሻዬ ጋር በአጥር ይገናኛል፤ ምላሷ ደግሞ ከማጭድ ይስላል።

"ዩ፣ ይሄ ቢጫ ነገር ምን ይጠቅምሻል?" አልኳት ሰው በተሰበሰበበት።

"ሰባት ወር የሞላት ልጅ በሬን ስታንኳኳ ምን ልስጣት ታዲያ? የበረዶ መጠጥ?" አለችኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ያ ሳቅ ሆዴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ።

አንድ ጁምዓ ቀን፣ ወንዱ ሁሉ መስጊድ ሲገባ፣ እሷም ከቤቷ በሌለችበት ሰዓት፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ገባሁ። ግንዱን በእኔ እርሻ በኩል፣ ደረቴ ቁመት ላይ፣ በእጅ መሰርሰሪያ ወደ ታች አዘንብዬ በሳሁት። ላምባ አፈሰስኩበት። ቀዳዳውን በቃጫና በጭቃ ደፍኜ ከላዩ አመድ ቀባሁት። ከዚያ እጄን ታጥቤ ለጁምዓው ሶላት ሁለተኛ ረከዓ ደረስኩ።

ዛፉ ግን እንደ ባለቤቱ እልኸኛ ሆኖ ቁጭ አለ። አልሞተም፤ ከሳ። ዝንጣፊዎቹ አጠሩ፣ አበባው ጠፋ። ዩ ፓይነም ጢንዚዛ የገባበት መስሏት በየሳምንቱ ሥሩ ላይ አመድና ጨው ታፈስለታለች። "አይዞህ፣ ትነሣለህ" ስትለው እሰማለሁ። እኔም በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ "አላህ ያሽረው ዩ" እላለሁ። እንዲህ ስል ትንሽ እንኳ አላፈርኩም። ለዚህ ሁሉ ኃጢአት ኮፕዮሬ ከአሥር ሦስት ሆነልኝ። ሦስት!

ልጄ ዉርያኒ፣ ዉር የምንላት፣ አንድ ናት፤ ሌላ የለኝም። ሃርዮኮ የሚባል የጀልባ አናጢ አግብታ ከእኛው ጋር ትኖራለች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ በአራተኛ ወሩ ጨነገፈ። ሁለተኛው ሰባት ወር ደረሰ። ጋዲንግ ግን ከየት ይምጣ? የዩ ፓይነም ዛፍ ያን ጊዜ ፍሬ አልነበረውም፤ የሌላው ሁሉ ተቆርጧል። ሦስት ቀን ሙሉ በሞተር ብስክሌት አገር ለአገር ዞሬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። መቼም አይታወቅም ብለን አረንጓዴ ኮኮናት በእርድ ቀባን። ሲንሸራተት እርዱ ሆዷ ላይ ቢጫ መስመር ትቶ አለፈ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ወንድ ልጅ ሞቶ ተወለደ። በእነዚህ ሁለት እጆቼ ነው የቀበርኩት።

ኮኮናት ልጅ ይገድላል አልልም። ኢማማችንም እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ ይቆጣል። ግን ልጇን የቀበረች እናት ፊት ቆመህ ምን ትላለህ? ዉር ያቺን መስመር ከወሊዱ ድና እንኳ ስታሻት ስታሻት ቆዳዋን አቆሰለችው። ሦስተኛውን ስታረግዝ ጠራችኝና "አባቴ፣ ይሄኛው የውሸት አይሁን። እውነተኛ ጋዲንግ ካልተገኘ አልታጠብም" አለችኝ። አይታኝ ነው የተናገረችው፤ እኔ ነኝ ዓይኔን የሰበርኩት። የመንደሩን ጋዲንግ ማን እንዳስጨረሰው እሷም ታውቃለች። ስለ ቀዳዳው ግን ከአላህና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያው ዓመት፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ የዩ ፓይነም ዛፍ አንድ ዘለላ አወጣ። አምስት ፍሬ። በስድስት መንደር ውስጥ ያለው ጋዲንግ ያ ብቻ ነበር።

የመታጠቢያዋ ቀን ለረቡዕ ተቆረጠ። ማክሰኞ ከሰዓት ከሃርዮኮ ጋር ልንጠይቅ ሄድን። እኔ ጫፉ ላይ ማጭድ የታሰረበት ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ተሸክሜያለሁ።

"አባቴ፣ ዘንጉ ለምንድን ነው? ማንጎ ልናረግፍ ነው እንዴ?" አለኝ ሃርዮኮ።

"ግንዱ ያዳልጣል።"

"ሦስት ሳምንት እኮ ዝናብ ጠብ አላለም!"

ዩ ፓይነም ከጓሮ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ለምን እንደመጣን ሳንነግራት ገባት።

"ለዉር ነው? ውሰዱ! እንዲያውም ይሄ ዛፍ ከአልጋ የተነሣው ለእሷ ብሎ ነው" አለች። ከዚያ ዘንጉን አይታ ሳቀች። "ይሄን ግን ወደዚያ ጣለው ወንድሜ። ዘንግ ዘለላውን እንዳለ ነው የሚያወርደው። ልጁ ይውጣና ሁለቷን በእጁ ይቁረጥ፤ እንደ ሕፃን አቅፎ ያውርዳት። ሦስቱ እዚያው ይብሰሉልኝ፤ ለዘር ናቸው። ሌላማ የታለና! አንተው አስጨርሰኸው የለ?" ብላ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"ላድርገው ግዴለም፣ በዘንግ..." አልኩ።

"ምን ሆነሃል? ለሰባተኛ ወር በዘንግ ሲወርድ የት አይተሃል? ነውር አይደለም እንዴ?"

ሃርዮኮ ነጠላ ጫማውን አወለቀ። ገጀራውን ወገቡ ላይ ሻጠ። ጋዲንግ አጭር ዘር ነው ቢባልም የአርባ ዓመት ዛፍ ነውና ጫፉ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ሄዷል። ግንዱ ላይ ለመውጫ የተጠረቡ እርከኖች አሉ። ሃርዮኮ ቢስሚላህ ብሎ እግሩን የመጀመሪያው ላይ አደረገ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። አልጮህኩም። "አራት ዓመት የቆመ ዛፍ አንድ ሩብ ሰዓት አያቅተውም" አልኩ በልቤ። ሁለተኛው እርከን። "ቀላል ልጅ ነው፣ ክብደት የለውም" አልኩ። ሦስተኛው። በአንድ ወገን ስሜን፣ በሌላው ወገን የልጄን ባል አስቀምጬ መዘንኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሚዛኑ ቶሎ አላጋደለም። አራተኛው። አምስተኛው ላይ ግንዱ ውስጡ ቋ! አለ። ዉር ሆዷን ይዛ በልጇና በባሏ ሬሳ መካከል ቆማ ታየችኝ።

"ውረድ!"

"ምን አሉ?"

"ውረድ አልኩህ! ውስጡ ባዶ ነው!"

"ኧረ ደህና ነው አባቴ፣ የደረቀ ነገር ነው የጮኸው።"

"ጢንዚዛ ነው የነካው እንጂ ግንዱስ ደህና ነው፤ ልጁን አታስደንግጠው" አለች ዩ ፓይነም።

"ጢንዚዛ አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የበሳሁት።"

ሃርዮኮ ቀስ ብሎ፣ ግንዱን እየዳበሰ ወረደ። እኔ ሄጄ ቦታውን በጣቴ አሳየሁ። ሃርዮኮ በገጀራው ጫፍ ሲጭረው ጭቃው ተፈረፈረ፣ ቃጫው ተጎትቶ ወጣ፤ ከኋላው ጥቁር ብስባሽ ተንዶ እግሩ ላይ ፈሰሰ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? የእኔ እውነት አራት ዓመት አድሮ ጠራ።

ዩ ፓይነም ጠጋ ብላ ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገባች። እስከ መጨረሻው ገባ።

"መቼ?"

"አራት ዓመት ሆነው።"

"መቼ ነው ያልኩህ?"

"ጁምዓ ቀን። የዉር ሠርግ ሳምንት።"

ትንሽ አሰበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቀኖቹን እያስታወሰች ነበር።

"ያን ጁምዓ እናንተ ቤት ነበርኩ" አለች። "ከሴቶቹ ጋር ለሠርጉ ሽንኩርት ስልጥ ነው የዋልኩት።"

"አዎ።"

"በሠርጉ በር ግራና ቀኝ የተሰቀለውስ ጋዲንግ?"

"ከዚሁ ዛፍ ነው። ረቡዕ ዕለት ራስሽ ሰጠሽኝ።"

ብትሰድበኝ በወደድኩ ነበር። ብትመታኝ ጎንበስ ብዬ እቀበላት ነበር። ጣቷን አወጣች፣ ብስባሹን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወደ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሃርዮኮ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "ለዉር ምን ብዬ ልግባ?" አለኝ። ዩ ፓይነም ከበሩ ጀርባ ምን እያሰበች እንደሆነ አውቅ ነበር። ከእንግዲህ ያን ግንድ ሰው አይወጣውም። ፍሬው የሚወርደው በዘንግ ነው፤ በዘንግ ከሆነ ደግሞ አምስቱም አንድ ላይ ነው የሚወርደው። ለጋ ጋዲንግ ውሃ ብቻ ስለሆነ አይበቅልም። ለሦስትና አራት ወር ብትተወው ለዘር ይደርሳል። ዛሬ ካወረደችው በመንደራችን የጋዲንግ ዘር አበቃ። የበሩንም መዘጋት፣ የዘሩንም መጥፋት ያመጣሁት እኔ ነኝ።

የዐስር ሶላት አዛን ተሰምቶ አለቀ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ዩ ፓይነም ልጅ የሚታዘልበት ያረጀ ሰፊ ጨርቅ ይዛ ወጣች። በአጥሩ ላይ ሦስት ጎረቤቶቿን በስማቸው ተጣራች፤ ሴቶቹ መጡ። ወደ ሃርዮኮ ዞረች።

"ልጅቷ ዛፍ አልበሳችም" አለችው። "ዘንጉን አንሣ።"

አራቱ ሴቶች ጨርቁን በአራት ማዕዘን ወጥረው ከዛፉ ሥር ቆሙ። አንዷ ትንሽ ደከም ያለች ስለሆነች ላግዛት ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"እርስዎ ይቆዩ" አለችኝ ዩ ፓይነም። ዕድሜዋን ሙሉ "አንተ" ስትለኝ፣ ወንድሜ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። "የእርስዎ እጅ አይንካው።"

ወደ አጥሩ ሄጄ ቆምኩ። ሃርዮኮ ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው ማጭዱን ዘለላው አንገት ላይ አሳረፈው። ዘለላው እንዳለ ወረደ። ጨርቁ ወደ መሬት ረገበ፤ ሴቶቹ ወደ ኋላ ተስበው ወጠሩት፤ ከአፈሩ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። አንዲት እንኳ መሬት አልነካችም። ዩ ፓይነም ጥንዱን መርጣ በጨርቁ ጠቀለለቻቸውና ለሃርዮኮ አሳቀፈችው። በቀሩት ሦስት ለጋዎች ላይ እጇን ጭና ጥቂት ቆየች።

ረቡዕ ዉር ታጠበች። ሃርዮኮ ሁሉንም ነግሯት ስለነበር ቀኑን ሙሉ አላየችኝም። ዩ ፓይነም ከሰባቱ አንዷ ሆና ውሃ አፈሰሰችላት። ጥንዱ ተንሸራተው ባለቤቴ ሱቲኒ እጅ ላይ ሲያርፉ ዉር ሆዷን በእጇ ዳበሰችና መዳፏን አየች። ምንም ቀለም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው እንባዋ የመጣው። ሃርዮኮም አንዱን ባንድ ምት ሰነጠቀው። ከሁለት ወር በኋላ ሴት ልጅ፣ ጤነኛ፣ ጩኸቷ መንደር የሚቀሰቅስ፣ ተወለደች። ዛሬ ዶሮ እያባረረች ትሮጣለች።

ታሪኩን እዚያ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን ከረቡዕ ማግስት ሐሙስ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ዩ ፓይነም "መጥረቢያዎን ይዘው ይምጡ" ብላ ላከችብኝ። ስደርስ ዛፉ ሥር ቆማለች።

"ይሄ ዛሬ ወይ ነገ ጣሪያዬ ላይ ይወድቃል" አለች። "የቱ ጋ እንደደከመ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የጀመሩትን ይጨርሱት።"

በእኛ መንደር ማንም ብቻውን ዛፍ አይቆርጥም። አንዱ መጥረቢያ ሲያነሣ ሌላው ገመድ ይዞ ይመጣል፤ ደግሞ ሌላው ሻይ ያፈላል። ያን ቀን ወንዶቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ያዩኝ ነበር፤ አንድም ሰው ወደ ውስጥ አልገባም። ገመዱን ራሴ አሰርኩ፣ ራሴ ወጠርኩ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በየመሀሉ ቆሜ እተነፍሳለሁ። እሷ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ አንዴም ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

አንዴ መጥረቢያውን አስደግፌ "ዩ፣ ለዘር ብታቆዪያቸው ኖሮ..." አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ምናልባት ራሷ መርጣ የሰጠችው ቢሆን፣ እኔ ላይ ያለው ሸክም ይቀልልኝ መስሎኝ ይሆናል።

"ልጅ ኮኮናት እስኪበስል አይጠብቅም" አለች። "ይቁረጡ።"

ቀትር ላይ ወደቀ። መሬቱ ተንቀጠቀጠና ዝም አለ። ወንዶቹም አንድ በአንድ ሄዱ።

ኮኮናት ሲወድቅ ጫፉ ውስጥ ነጭ ልብ ይገኛል፤ ለስላሳ፣ እንደ ክንድ የወፈረ። ዛፉ በሕይወት እያለ አይገኝም፤ ቆርጦ ማውጣት ዛፉን መግደል ነውና። ስለዚህ ዛፍ የወደቀበት ቤት ልቡን ቀቅሎ ለመንደሩ ሁሉ ሳህን በሳህን ያዳርሳል። ዩ ፓይነም ራሷ ፈልቅቃ አወጣችው። በኮኮናት ወተትና በበርበሬ ሠራችው። ሳህኖቹ በየቤቱ ሲሄዱ ከመስኮት አየሁ። ለሱቲኒ "ወደ እኛ አይመጣም" አልኳት።

መጣ። እንደ ሌሎቹ ሁሉ አንድ ሳህን፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሞልቶ፣ የሙዝ ቅጠል ተከድኖበት።

"አልበላም" አልኩ።

"ትበላለህ" አለች ሱቲኒ፣ ሳህኑን ጉልበቴ ላይ እያስቀመጠች። "ልካልሃለች እኮ።"

በላሁ። መራራ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ላምባ ላምባ ይላል ብዬ ነበር። ይጣፍጥ ነበር። በሕይወቴ ከበላሁት ሁሉ ይጣፍጥ ነበር፤ እያለቀስኩ ጨረስኩት።